ለኮምፒውተራችሁ ስለ ነፈጋችሁት ቢጫ ቀለም

ለተከበሩ የመሬት መረጃ ማዘመኛ ማዕከል ሥራ አስኪያጅ
ጎንደር

ክቡር ሆይ፣

ክረምቱ እንዴት ከረመልዎ? እኛ ዘንድ ጭቃው አሁንም እግር ይውጣል፤ የእርስዎ ማዕከል ግን ወለሉ ፊት የሚያሳይ ሴራሚክ ስለሆነ በዚህ በኩል ሥጋት የለብኝም። ጤናዎ እንደ ሪፖርትዎ ያማረ፣ ዕድሜዎም በደጃፍዎ እንደሚሰለፈው ወረፋ የረዘመ እንዲሆን እመኛለሁ። ምኞቴ ከልብ ነው። እርስዎ ደኅና ሆነው እንኳ ክረምቱን ሙሉ ስመላለስ ያየሁዎት አንድ ቀን ብቻ፣ ያውም በሩቁ ነው፤ ቢታመሙብንማ ወሬዎን ከሬዲዮ ልጠብቅ ነው።

እኔ እንኳየሁ ወንድምአገኝ እባላለሁ። ከማክሰኝት ገበያ በማይርቅ ቀበሌ የምኖር፣ ባሌን የቀበርኩ፣ በአንዲት የሽምብራ ማሳ የምተዳደር ገበሬ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ በጎልማሶች ትምህርት ነው። እስከዚያ ድረስ መንግሥት ሁሉ ስምምነቴን የሚወስደው ከአውራ ጣቴ ነበር፤ በምን እንደተስማማሁ ግን አውራ ጣቴም ነግራኝ አታውቅም። እጅ ጽሑፌ ቢያስቸግርዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዘግይቶ መማር አንድ ክፉ ልማድ ያተርፋል፤ ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ እስከ መጨረሻው መስመር አነባለሁ። ቀድመው የተማሩ ሰዎች ይህን ልማድ እንደተዉት በማዕከልዎ አይቻለሁና በዚህ ረገድ ኋላ ቀር ነኝ።

ደብዳቤዬን በአደባባይ በመጻፌም ቅር እንዳይልዎ። የመጀመሪያውን ማመልከቻዬን በፖስታ አሽጌ ነበር የሰጠሁት፤ ቆይቼ ብመለስ እንደታሸገ፣ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦበት አገኘሁት። ይህኛውን ክፍቱን የላክሁት እርስዎን ከመክፈት ድካም ለማዳን ነው።

አሁን ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። እርስዎ ሁሉን እንደሚያውቁ አውቃለሁ፤ የምዘረዝረው ለማያውቅ አንባቢ ነው።

በእኛ ዘንድ ማሳ የሚታወቀው በአዋሳኞቹ ነው። ሰው «የማን ልጅ ነህ» እንደሚባለው ማሳም «ማን ያዋስንሃል» ይባላል። የእኔን ማሳ በምሥራቅ መንገድ፣ በሰሜን ወንዝ፣ በምዕራብ የቤተ ክርስቲያን መሬት፣ በደቡብ የአያ ቢሻው ማሳ ያዋስኑታል። በይዞታ ደብተራችንም እንዲሁ ተብሎ በባሌ በአዳነ ስም ተጽፎ ነበር። አዳነ ሲያርፍ አርባውን አወጣሁና ወደ እናንተ መጣሁ። ጥያቄዬ አጭር ነበር፤ የሟቹ ስም ይነሣና ማሳው በእኔ ስም ይዙር። በመስኮቱ ያለችው ባለሙያ አዋሳኞቼን ከአሮጌው ደብተር ገልብጣ «ማስተካከያ» የምትሉትን ነገር አዘጋጀችና ወደ ኮምፒውተሩ ሰደደችው። ለሁሉም ማሳ ቁጥር ተሰጥቶ እስኪያልቅ ድረስ ኮምፒውተሩ ማሳችንን የሚፈልገው በአዋሳኞቹ እንደሆነም ነገረችኝ። ሸጋ ነው አልኳት፤ እኛም የምንፈልገው እንዲሁ ነው።

ነገር ግን አያ ቢሻው ከአዳነ ቀድመው አርፈዋል። ማሳቸው ለልጃቸው ለፋንታሁን ተላልፎ በእናንተ መዝገብ ተስተካክሎ ነበር፤ በእኔ አሮጌ ደብተር ላይ ግን አያ ቢሻው እስከ ዛሬ እንደ ተቀመጡ ናቸው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ አራቱን አዋሳኞች ይዞ ወጣና አራቱም በአንድነት የሚገኙበት ቦታ አጣ። ሰው ቢሆን ተመልሶ ይጠይቅ ነበር፤ «አያ ቢሻውን አጣኋቸው፣ ፋንታሁን የሚባል ነው ያለው፣ ምን ላድርግ» ይል ነበር። የእናንተ ኮምፒውተር ግን ሰው ማስቸገር የማይወድ ጨዋ ነው። አራቱን ቢያጣ ሦስቱን ፈለገ።

መንገዱን ይዘው ቁልቁል ቢወርዱ፣ ወንዙ ታጥፎ በሚመለስበት ቦታ የቄስ ሐብተ ማርያምና የባለቤታቸው የአባይነሽ ማሳ አለ። እሱንም በምሥራቅ ያው መንገድ፣ በሰሜን ያው ወንዝ፣ በምዕራብ የቤተ ክርስቲያን መሬት ያዋስኑታል፤ በደቡብ ግን የወል ግጦሽ ነው። ሦስቱ ገጠሙ። የእኔም ማሳ ቢሆን ሦስቱ ይገጥሙ ነበር፤ የእነርሱን ግን ቀድሞ አገኘው። ኮምፒውተሩ በቃኝ አለ። የቄሱንና የአባይነሽን ስም ሰርዞ «እንኳየሁ ወንድምአገኝ፣ ብቸኛ ባለይዞታ» ብሎ ጻፈ፤ ከበታቹም በሚያምር አረንጓዴ «ማስተካከያው በተሳካ ሁኔታ ተፈጽሟል» የሚል ጨመረበት። የእኔ ማሳ በሟቹ ስም እንዳለ ቀረ።

ይህ ከሆነ በኋላ የደረሰልኝን በጎ ነገር ሁሉ በየተራው ላመስግንዎ።

አንደኛ፣ ስለ ጎረቤቴ።

ከአባይነሽ ጋር በአንድ ዓመት ተዳርን፤ ልጆቻችንንም የወለድነው እየተፈራረቅን ነው፤ አንዳችን ስናምጥ አንዳችን ወገብ እየያዝን። ሐምሌ ላይ የሽምብራ ምርጥ ዘር ልትወስድ ወደ ቀበሌ ብትሄድ «በስምሽ መሬት የለም» ተባለች። ታዲያ የማን ነው ብትል «የእንኳየሁ» አሏት። ከዚያ ወደ ቤቷ አልገባችም፤ በነጠላዋ ወገቧን አስራ በቀጥታ እኔ ደጃፍ መጣች።

«ምነው እንኳየሁ፣ ማሳዬን ከነባሌ ወሰድሽው?» አለችኝ።

እኔ ገና ምንም አልሰማሁም ነበር። ክፉ ቃል ሲመጣብኝ ደግሞ ባዶ እጁን መመለስ አልወድም፤ «ማሳሽ ቀርቶ ባልሽን መርቀው ቢሰጡኝ አልወስድ፤ ማንኮራፋታቸው ወንዝ ማዶ ይሰማል» አልኳት።

«አትካጂ፤ በኮምፒውተር ተጽፏል» አለች።

«ኮምፒውተር ስንቱን ጽፏል።»

«የተጻፈው በስምሽ ነው እንጂ በስሜ አይደለም» ብላኝ ሄደች። ከዚያ ወዲህ በቅዳሴ መካከል ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ ሲል አባይነሽ ወደ ግድግዳው ዞራ ትሰግድ ጀመር። በዚህ ዕድሜዬ ከእሷ ሌላ ሽበቴን ሳላፍር የማሳያት ሰው አልነበረችኝም። ጠላት ልንፈጥር ብንል ዓመታት ይፈጅብን የነበረውን በአንድ አረንጓዴ መስመር ስለጨረሳችሁልን አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ቄስ ሐብተ ማርያም።

የእኔ ማስተካከያ ምክንያቱ «የባለይዞታው ሞት» የሚል ስለነበር ቄሱ በመዝገባችሁ ሞተዋል። ይህን ሲሰሙ አልተቆጡም፤ ትዕግሥተኛ ሰው ናቸው። ወደ መስኮቱ ቀርበው «ልጄ፣ ፍትሐቴን ራሴ ልድረሰው ወይስ ሌላ ቄስ ልለምን?» ብለው ነበር የጠየቁት። ባለሙያዋም ሳትስቅ፣ በሕይወት መኖራቸውን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ከቀበሌ እንዲያመጡ ነገረቻቸው። ቄሱ ማስረጃ ፍለጋ ሲመላለሱ ጉንፋን ይዟቸው ሰነበቱ። መዝገባችሁ ትክክል ሊሆን ትንሽ ቀርቶት ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ራሴ ማሳ።

ሟች በስሙ ማሳ ይዞ ቢገኝና ወራሽ ባይቀርብ ማሳው ባለቤት አልባ ተብሎ መሬት ለሌላቸው ወጣቶች ይሰጣል። መሬት የሌለው ወጣት እንዲያገኝ እኔም እወዳለሁ። በቀበሌው ግድግዳ የተለጠፈው ማስታወቂያ ግን «ባለይዞታው አቶ አዳነ እስከ ነሐሴ መጨረሻ በአካል ቀርበው ካላመለከቱ» የሚል ነበር። አዳነ በሕይወቱ ሳለም ቢሮ መሄድ አይወድም ነበር፤ አሁንማ ጨርሶ እምቢ ብሎኛል። «ሚስቱ እኔ ነኝ፣ ወራሹም እኔ ነኝ» ብል «እርስዎማ የራስዎ ማሳ አለዎት፤ ከዚህ ተጽፏል» አሉኝ። የአባይነሽን ማሳ እያሳዩ የእኔን ወሰዱብኝ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጥበብ በሌላ አገር ይኖር እንደሆነ አላውቅም።

አራተኛ፣ ስለተሰጠኝ ምክር።

በመስኮቱ አጠገብ ከሚቀመጡት ወጣት ባለሙያዎች አንዱ አዝኖልኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እማማ፣ የደረሰዎት እኮ የተሻለው መሬት ነው፤ ዝም ብለው ቢያርሱት ማን ይጠይቅዎታል?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የአባይነሽ ማሳ አፈሩ ከእኔ ይበልጣል፤ ውኃ ይዞ ይቆያል። ልጁ ለእኔ በጎ አስቦ ነው። እንዲህ ያለውን በጎ አሳቢ ያሠለጠነ ማዕከል ምን እንደሚባል ቃሉን እየፈለግሁ ነው፤ ፊደል ዘግይቼ ስለተማርኩ ቶሎ አይመጣልኝም።

ምስጋናዬን እዚህ ላይ ገታ ላድርግና ስለ ቀለሙ ልንገርዎ።

አባይነሽ ሄለን የምትባል ልጅ አለቻት። ጎንደር ከተማ በአንድ የግል ድርጅት ፕሮግራም ትጽፋለች። የእናቷን እሮሮ ሰምታ መጣችና፣ እናቷ ሌባ ወደምትለኝ ወደ እኔ ቤት ኮምፒውተሯን በብብቷ ይዛ ገባች። «እትዬ እንኳየሁ፣ ተደብቄ ነው የመጣሁት፤ እናቴ ሳታየኝ ወረቀትሽን ልየው» አለችኝ። ሰጠኋት። አንብባ ስትጨርስ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ከዚያ የራሷን ሥራ እየጠቀሰች ነገሩን አስረዳችኝ፤ እኔም እንደገባኝ ለእርስዎ ላስተላልፍ።

እነርሱ የፕሮግራሙን ጽሑፍ ኮድ ይሉታል። ኮዱ ውስጥ አንድ ነገር ሲበላሽ ሁሉን እንደገና አይጽፉም፤ ፓች የሚሉት ቁራጭ ይልካሉ። ቁራጩ የሚለወጠውን መስመር ብቻ ሳይሆን ከላዩና ከሥሩ ያሉትን ጥቂት መስመሮችም ይዞ ይሄዳል፤ ቦታውን የሚያገኘው በእነርሱ ነው። «አዋሳኝ ነዋ» ብላት «አዎ፣ አዋሳኝ ነው» ብላ ሳቀች። በመካከል ሌላ ሰው ኮዱን ነክቶት ከአዋሳኞቹ መስመሮች አንዱ ተለውጦ ቢገኝ፣ ፓቹን የሚያስገባው መሣሪያ ከሞላ ጎደል የሚመስለውን ቦታ ይፈልጋል። ይህ በራሱ ነውር እንዳልሆነም ነገረችኝ፤ ሁልጊዜ ሁሉም ይግጠም ቢባል ሥራ አይሄድም፤ ሰው ይሞታል፣ መስመርም ይለወጣል። የእሷ መሣሪያ ግን እንዲህ ያለውን ቦታ ሲያገኝ ደብቆ አያልፍም። በስክሪኑ አሳየችኝ። የገጠሙት መስመሮች አረንጓዴ ናቸው። ያልገጠመችው መስመር ብቻዋን ቢጫ ሆና፣ እንደ አደይ አበባ ከሩቅ ትታያለች። በአንድ ወገን «የተፈለገው ይህ ነበር»፣ በሌላው ወገን «የተገኘው ይህ ነው» የሚል አለ። ከሥሩም «ላስገባ ወይስ ልተው» ብሎ ይጠብቃል። ሰው አይቶ እሺ ካላለው አይገባም።

እኔ ያን ቢጫ መስመር አይቼ ብዙ ቆየሁ። በእኔ ጉዳይ አንድ ጊዜ ቢበራ ኖሮ ባለሙያዋ በአንድ ወገን «አያ ቢሻው»፣ በሌላው ወገን «የወል ግጦሽ» የሚለውን ታይ ነበር። ከብት የሚግጥበት መስክ ሰው እንዳልሆነ ለማወቅ ደግሞ ትምህርት አያስፈልግም።

ሄለን ከዚያ ወደ ማዕከልዎ ሄዳ ጠየቀች። የእናንተም ኮምፒውተር ቢጫውን ያውቀዋል። ከሠሪዎቹ ሲመጣ ነበረው። እንዲጠፋ የታዘዘው ከእርስዎ ቢሮ ነው።

መቼም በፍልሰታ ማግስት ሕዝብ ያወያዩበትን አዳራሽ አይረሱትም። ያየሁዎት ያን ቀን ነው፤ ክራባትዎ ያምር ነበር። ሄለን ተነሥታ ቢጫው ለምን እንደጠፋ ጠየቀችዎት። እርስዎም ማይክራፎኑን ጠጋ አድርገው፣ ቢጫ ሲበዛ ሕዝብ እንደሚደናገጥ፣ ሠራተኛውም እያንዳንዱን ቢጫ ልመልከት ሲል ዕቅዱ እንደሚጓተት በትዕግሥት አስረዱን። ቀጥለውም ከገባው ማስተካከያ ሁሉ ከመቶ ዘጠና ስምንቱ ትክክል መሆኑን በኩራት ነገሩን። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ሁሉ ሲያጨበጭብ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ጥሩ አይመስልም።

አባይነሽ ከኋላዬ ሁለተኛው አግዳሚ ላይ ነበረች። ስንወጣ በጭቃው መካከል «እንኳየሁ» ብላ ጠራችኝ። ከሐምሌ ወዲህ በስሜ ስትጠራኝ የመጀመሪያዋ ነው። ዞር ብል «የቀሩት ሁለቱ እኔና አንቺ ነን ማለት ነው?» አለችኝ።

«እንዲያ ነው የሚመስለው።»

«ከመቶው ሁሉ መርጦ እኛን?»

«ባልሽን ጨምሪበት፤ ሦስት ነን።»

«ቄሱማ ሞተዋል፤ አይቆጠሩም» አለችኝ። ቄሱ ከጎኗ ቆመው ጃንጥላቸውን እያራገፉ ነበር። ሦስታችንም እዚያው መንገድ ላይ እንደ እብድ ሳቅን፤ ከዚያ እኔና እሷ ነጠላችንን ፊታችን ላይ ጣል አድርገን አለቀስን። ሽማግሌ ልከን፣ በቤተ ክርስቲያን አስለምነን ያልመጣው እርቅ በእርስዎ ንግግር መጣ። ስለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምስጋናዬ ይህ ነው። ለዚህስ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ይህን ስል አልቀልድም።

እርቁ ግን መዝገቡን አላስተካከለውም። ማሳዬ የሚተላለፍበት ቀን ደርሶ ነበር።

በእኛ ቀበሌ አንድ ልማድ አለ። ድንበር ሲካለል አዋሳኙ በቦታው ካልተገኘ ሽማግሌዎቹ የድንበሩን ድንጋይ ያስቀምጡታል እንጂ አይቀብሩትም። ከመሬት በላይ እንደተጋደመ ይተዉታል። ያልተቀበረ ድንጋይ ያየ ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ነገሩ አልረጋም ብሎ ያውቃል፤ ባለቤት ነኝ የሚለውም ቢሆን በሬውን አያስገባም። አዋሳኙ መጥቶ፣ አይቶ፣ እውነት ነው ሲል ነው ድንጋዩ የሚቀበረው። ከዚያ በኋላ ማንም አይነካውም። ይህን የሚያውቁ ሰዎች ፊደል አልቆጠሩም፤ የተማሩ ቢሆኑ ኖሮ ድንጋዩን ቶሎ ቀብረው ከመቶ ዘጠና ስምንቱ ተቀብሯል ብለው ሪፖርት ያደርጉ ነበር።

እናም አያ ምንዳዬ የሚባሉት የቀበሌያችን ታላቅ ሽማግሌ፣ ቄስ ሐብተ ማርያም፣ ፋንታሁን፣ አባይነሽና እኔ ዶማ ይዘን ወጣን። በመዝገቡ ነገሩ ዳግም አልረጋምና፣ የእኔን ማሳ ድንጋዮች በየማዕዘኑ ነቅለን ከላይ አጋደምናቸው። ወደ ታች ወርደንም የአባይነሽን እንዲሁ አደረግን። እዚህ ላይ አያ ምንዳዬ አስቁመውን ነበር። «ልጆቼ፣ አውቃችሁ ግቡበት። ድንጋዩ ከተነቀለ እናንተም አታርሱትም። ሕጉ ለእነርሱ ብቻ አይደለም» አሉን። አባይነሽ ወደ እኔ አየች። እኔም ወደ እሷ አየሁ። «ንቀሉት» አለች።

ሄለን በማግስቱ ከጎንደር አንድ ቆርቆሮ ቢጫ ቀለም ገዝታ መጣች። ድንጋዮቹን ሁሉ ቀባናቸው። ሟቹ ቄስ ሐብተ ማርያም ብሩሹን ለማንም አልሰጥም ብለው ብዙውን የቀቡት እርሳቸው ናቸው፤ ቀሚሳቸው ጠርዝ ላይ የቀረው ነጠብጣብ እስከ ዛሬ አልለቀቀም። እንደምን እንዳማረ ባዩት። ከመንገዱ ላይ ሆኖ የሚያልፍ ማኪና ሁሉ ቀስ ይላል።

የርክክቡ ቀን ባለሙያዎችዎ ሜትር ይዘው፣ ማሳዬ የደረሰውን ወጣት አስከትለው መጡ። ወጣቱ የእኛው ቀበሌ ልጅ ነው፤ ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ጥፋት የለበትምና። ባለሙያው «ግባ፣ ማሳህ ነው» አለው። ልጁ ከቢጫው ድንጋይ ፊት ቆመ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ አልተቀበረም» አለ።

«ምኑ?»

«ድንጋዩ።»

«ድንጋይ ምን አገባህ፣ ወረቀቱ በስምህ ነው።»

«ወረቀቱን ይያዙት። ያልተቀበረ ድንጋይ ተሻግሬ ባርስ እናቴ ቤት አታስገባኝም» ብሎ ተመለሰ። ባለሙያዎ ለማን እንደሚያስረክብ ቢያጣ ሜትሩን ጠቅልሎ ሄደ። በሪፖርቱ ምን ብሎ እንደጻፈ አልሰማሁም፤ «በተሳካ ሁኔታ ተፈጽሟል» እንደሚሆን እገምታለሁ።

ክቡር ሆይ፣ አሁን ያለነው እንዲህ ነው። ሽምብራ የሚዘራው ዝናቡ ሊወጣ ሲል፣ መሬቱ እርጥበቱን እንደያዘ ነው። ያ ጊዜ ይኸው ገብቷል፤ ጥቂት ከዘገየ አፈሩ ይሰነጠቃል፣ ዘሩም አይበቅልም። የፋንታሁን በሬዎች እስከ እኔ ድንበር ጥግ ድረስ መጥተው ይመለሳሉ። የእኔ ማሳ አልታረሰም። የአባይነሽም አልታረሰም። ዘሩ በሁለታችንም ጎታ አለ፤ በየጠዋቱ ተገናኝተን ወደ መንገዱ እናያለን፤ ከእናንተ የሚመጣ ሰው ካለ ብለን። አባይነሽ ትላንት «የሚመጣው ሰው ይቅር፣ ድንጋዮቹን ቀብረን እንዝራ ይሆን?» ብላ ነበር። ብንቀብራቸው ማንም አይከሰንም። ነገር ግን ያልረጋን ነገር ረግቷል ብሎ መቅበርን ከእናንተ ቢሮ ውጪ የሚያውቅ የለምና ተውነው። በሚመጣው ዓመት የምንበላው ከዚያ ማሳ ነበር።

የምለምንዎ ነገር ትንሽ ነው። ካሳ አልጠየቅሁም፤ ይቅርታም አልጠየቅሁም፤ ይቅርታ የሚባል ነገር በፎርማችሁ ላይ ቦታ እንደሌለው አይቻለሁ። በዚህ ሳምንት ውስጥ አንድ ሰው ይላኩልን። መጥቶ በእኔ ማሳ ደቡብ ይቁምና «የማን ነው» ይበል፤ ፋንታሁን «የእኔ፣ ከአባቴ ከቢሻው ያገኘሁት» ይለዋል። ወደ ታች ይውረድና በአባይነሽ ማሳ ደቡብ ይቁም፤ ላሞች ሲግጡ ያያል። ከዚያ መዝገቡን ያስተካክል፤ ድንጋዮቹንም እኛ እንቀብራለን፤ በዚያው ቀን እንዘራለን። ሁለተኛውም ልመናዬ፣ ያጠፉትን ቢጫ መልሰው ያብሩት። ሕዝብ ይደናገጣል ብለው ይሠጉ እንደሆነ አይሥጉ። እኛ ቢጫ ስናይ ዶማ ይዘን ወጣን እንጂ አልተደናገጥንም። ያስደነገጠን አረንጓዴው ነው።

የማዕከልዎን ወለል እንዳላቆሽሽ ጫማዬን ከደጅ አውልቄ ለመግባት የተዘጋጀሁ፣ በመዝገብዎ የጎረቤቴ ማሳ ብቸኛ ባለይዞታ፣ በቤቴ ግን ዘሬን ታቅፌ የተቀመጥሁ፣ ለሚሰጡኝ መልስ አስቀድሜ እጅ የምነሣ፣ ባይሰጡኝም ያልተቀየረ አክብሮት ያለኝ፣

ታዛዥዎ
እንኳየሁ ወንድምአገኝ
ጳጉሜን፣ ከማክሰኝት አካባቢ

ከፊርማዬ በኋላ ያስታወስኩት፦ ደብዳቤውን ለበር ጠባቂው ልሰጠው ስል እርስዎን በመልክ እንደማያውቅዎ ነገረኝ፤ አዲስ ተቀጣሪ ነው። እኔም «መነጽር ያደረጉ፣ ክራባት ያሰሩ፣ ጥቁር ቦርሳ የያዙ፣ በነጭ ማኪና የሚመጡ ሰው ናቸው። አራቱን የሚያሟላ ካጣህ አትጨነቅ፤ ሦስቱን የሚያሟላ መጀመሪያ ያገኘኸውን ስጠው፤ ማንንም አትጠይቅ» አልኩት። እሱም ለአንድ ሰው መስጠቱ አይቀርም። ይህን የሚያነቡት እርስዎ ካልሆኑ፣ ጌታዬ፣ ስለ ደረሰብዎ ወቀሳ አዝናለሁ፤ ግን አሁን ምንም ማድረግ አይቻልም። እኔ በበኩሌ «በተሳካ ሁኔታ ደርሷል» ብዬ በአረንጓዴ እስክሪብቶ መዝግቤዋለሁ።